ለአውስትራሊያ የሚሆን አባት

ጓደኛዬ መነጽሩን አወለቀና «አንተ፣ አባትህ መቼ ነው የሞቱት?» አለኝ። ወሬ ፈልጎ መስሎኝ «እኔ ሕፃን ሳለሁ፤ ምነው?» አልኩት። ሁለት ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስተካከለና ወደ እኔ ገፋቸው። ማራገቢያው እንዳይበትናቸው አንዱ ላይ ስቴፕለር ጫነ፣ ሌላውን በመዳፉ ያዘው። «እስኪ አንተው አንብበው» አለኝ።

ይህ ጓደኛዬ ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ፎቶ ኮፒ ቤት እንበለው እንጂ የማይሠራው ነገር የለም፤ መታወቂያ በላስቲክ ያሽጋል፣ ማመልከቻ ይጽፋል፣ የሶላር አምፖል ይሸጣል፣ ከሁሉም በላይ ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ነው። አባቱ ከወሎ መጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ። እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጦ ያደገ የጋምቤላ ልጅ ነው። እኔ ደግሞ ኑዌር ሆኜ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ መጀመሪያ ክፍል ስገባ የደገኞቹ ልጆች የእንግሊዝኛ ደብተራቸውን ያወጣሉ፤ ቦርዱ ላይ «አማርኛ» ብዬ ስጽፍ እርስ በርስ ይተያያሉ። ዘመዶቼ በበኩላቸው ኑዌርኛዬ ስለሚያነክስ «ሐበሻው» እያሉ ይቀልዱብኛል። ለምጄዋለሁ።

ወረቀቶቹ የሚተረጎሙት ለአውስትራሊያ ነው። ሚስቴ እዚያ ናት። ስንተዋወቅ ከደቡብ ሱዳን ተሰድዳ ከእናቷ ጋር ጀዊ መጠለያ ጣቢያ ትኖር ነበር። የእነሱ ወደ ውጭ የመሄድ ጉዳይ እኔን ከማወቋ በፊት የተጀመረ ስለሆነ፣ ተራቸው ሲደርስ ፋይሉ ውስጥ እኔ የምባል ሰው አልነበርኩም። እርጉዝ ሆና ሄደች። ልጃችን እዚያ ተወለደች። አሁን ትሮጣለች፣ ትዘፍናለች፣ ስልኩን እየላሰች «ባባ» ትለኛለች፤ እኔ ግን አንድም ቀን አቅፌያት አላውቅም። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻዬ ከነሙሉ ሰነዱ እንዲገባ የተሰጠን ጊዜ ደግሞ እየተገባደደ ነበር። የልደት ምስክር ወረቀቴ፣ የጋብቻችን፣ የአባቴ የሞት ምስክር ወረቀት፣ ሁሉም ተተርጉሞ፣ አዲስ አበባ ሄዶ ተረጋግጦ፣ ማኅተም በማኅተም ሆኖ መላክ አለበት።

ሰው ሁሉ የመከረኝ አንድ ነገር ነው። «የስም አጻጻፍህን ተጠንቀቅ፤ አንዲት ፊደል ከተዛነፈች አለቀልህ!» እኔም ወረቀቶቹ ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ቢሮ ሲወጡ የራሴን ስም፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም ፊደል በፊደል ለቀምኩ። ቀን ማን ያያል?

ጓደኛዬ ያያል። ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ መቀየር ሥራው ነዋ። እንደ ወረቀቶቹ ከሆነ አባቴ የሞተው እኔ ከመወለዴ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው።

«ተሳስተህ ነው» አልኩት። «ስምንት የምትጨምርበት ቦታ ሰባት ጨምረህ ይሆናል።»

«ወላሂ እኔም መጀመሪያ እንደሱ ነው ያልኩት» አለ። «የፈረንጁን ተወው። አማርኛውን አንብበው።»

አማርኛውን አነበብኩት። የአማርኛ አስተማሪ አይደለሁ? ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ደሜ ፈላ።

«ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» ብዬ ጮኽኩ። ኮፒ የሚያስነሱት ሰዎች ዞር አሉ።

«እኔ የተጻፈውን ነው…»

«እናቴን ነው የምትሰድበው?»

«አስተግፊሩላህ!» ብሎ ብድግ አለ። «እናትህ እናቴ አይደለችም? ቁጭ በል እባክህ! ማኅተሜን ብመታልህ ነገ እዚያ ያለው ሰውዬ ሁለቱን እንደ እኔ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። ሐሰተኛ ሰነድ ነው ብሎ ፋይልህን ይዘጋል። ከዚያ ልጅህን በስልክ ነው የምታሳድጋት። ይሄን ነው የምትፈልገው?»

ወረቀቶቼን ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ቢሮውን፣ ጸሐፊዋን፣ ኮምፒውተሩን፣ የቀረኝ የለም፣ ሁሉንም ስረግም ቤት ደረስኩ። ስህተቱ የቢሮው ለመሆኑ ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረኝም።

እናቴ ማንጎው ሥር ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጣ ዓሣ ትልጣለች። ሰላምታ እንኳ አልሰጠኋትም።

«እማ፣ አባቴ የሞተበትን ዓመት ለቢሮው የነገራቸው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«ተሳስተሻል።»

«ባሌ የሞተበትን ዓመት እኔ ልሳሳት?»

«እሺ፣ እኔ የተወለድኩበትንስ?»

«የክሊኒክ ካርድህን ነው የሰጠኋቸው። እሱም ልክ ነው።»

«እማ! ሁለቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉም!»

ቀና ብላ አየችኝ። «ለምን?» አለች።

ያቺ «ለምን»! እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። ብታፍር፣ ብትደነግጥ፣ ብታለቅስ ይገባኝ ነበር። እሷ እቴ! ዓሣዋን ገልብጣ ሌላውን ጎን መላጥ ጀመረች። ከዚያ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው እየተረጋጋች ነገረችኝ። አባቴ እሷን እንዳገባ፣ ገና ልጅ ሳይወልድ፣ ታንኳው ተገልብጦ ባሮ ወሰደው። አስከሬኑም አልተገኘም። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ታናሽ ወንድሙን ጠርተው ይህ ሰው ስሙን የሚያስጠራ ልጅ ሳይኖረው አይቅር፣ ለወንድምህ ልጅ ውለድለት አሉት። እሺ አለ። እኔ ተወለድኩ።

«ከብቱ የተሰጠው በአባትህ ስም ነው» አለችኝ። «እዚህ ቤት የመጣሁት በአባትህ ስም ነው። ስለዚህ አንተን የወለድኩት ለአባትህ ነው። ምኑ ነው ያልገባህ?»

ልማዱን እኮ አውቀዋለሁ! የማያውቀው ኑዌር አለ እንዴ? ስለሌሎች ሰዎች ሲወራ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ደገኞቹ ባልደረቦቼ አፋቸውን ከፍተው እስኪሰሙኝ ድረስ፣ እኔው ራሴ፣ እንደ ሊቅ እግሬን አነባብሬ አስረድቼዋለሁ። በራሴ ቤት ይኖራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። እናቴ እኔ ጡት ሳልጥል ጌታን ተቀበለች። ቤተ ክርስቲያኗ የሟች ወንድም ሚስቱን እንዲወርስ አትፈቅድም። አጎቴም ድንበር ተሻግሮ ደቡብ ሱዳን፣ ናስር ገባ፤ የራሱን ሚስት አገባ፣ የራሱን ልጆች ወለደ። ለእኔ ያ ረጅም ዝምተኛ ሰውዬ አጎቴ ነው። ልጅ ሳለሁ በዓመት አንዴ የደረቀ ዓሣ ይዞልኝ ይመጣ፣ ዱላውን አጠገቤ አቁሞ ቁመቴን ይለካ፣ ራሱን ነቅንቆ ይሄድ ነበር። እዚያ ጦርነት ሲነሳ እሱም ተሰድዶ ጀዊ ገባ። ለገና ስኳር እወስድለታለሁ።

«አጎቴ አባቴ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ቢላዋውን አስቀመጠች። የተቆጣችው አሁን ነው። «አፍህን ያዝ! አጎትህ አባትህ አይደለም።»

«ታዲያ ማን ነው የወለደኝ?»

«እኔ!» አለች።

«ሌላ ማን ያውቃል?» አልኳት።

«ዘመድ ሁሉ ያውቃል። አንተ ነህ ሐበሻ ሆነህ የቀረኸው።»

በማግስቱ ወሳኝ ኩነት ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለኝ ከጎግ የመጣ ወጣት አኙዋ ነው። በእፍረት እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ምንም አልገረመውም፤ የእሱ አለመገረም ይበልጥ አስደነገጠኝ። «ገባኝ መምህር» አለ። «ግን ቅጹ ለማን ተወለደ አይልም። አባት ማን ነው ነው የሚለው። አጎትህ ፍርድ ቤት ቀርቦ አባትነቱን ይመን፤ ፍርድ ቤቱ ሲወስን እኔ መዝገቡን አርማለሁ። ስምህን አትንካው፣ ዲፕሎማህም ጋብቻህም በሱ ነው። የአባት ስም የሚለው ቦታ ላይ ብቻ ነው አጎትህ የሚገባው። የሞት ወረቀቱንም መላክ አይኖርብህም።»

ከቢሮው ስወጣ በሩ ላይ የሚውል አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ተጠጋኝ። ሁሉንም ሰምቷል መሰለኝ። «መምህር፣ ለዚች ነው የምትጨነቀው?» አለኝ። «ሦስት ምስክር ይበቃናል። ሟቹን ሁለት ሦስት ዓመት አቆይተን እንግደላቸው!» ጉድ እኮ ነው! በሳቅ ፈነዳሁ። ሳቄ ሲያልቅ ግን ለምን እዋሻችኋለሁ፣ ነገሩን እያሰብኩበት ነበር። ማታ ለእናቴ ነገርኳት፣ ከምስክሮቹ አንዷ እሷ መሆን አለባትና።

«እግዚአብሔርን ፈርቼ እውነቱን የነገርኩበትን ነገር ላፍርስ?» አለች። «ባሌ የሞተበት ቀን የእኔ ነው። ለአውስትራሊያ ብዬ አልነካውም።»

የቀረኝ አጎቴ ብቻ ነበር። ጀዊ ስደርስ እኩለ ቀን ሊሆን ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጦ የዓሣ መረብ ይጠግናል። በእኛ ሰላምታ «ማሌ» አልኩት፣ «ማሌ» አለኝ፣ ውሃ አስመጣልኝ። በኑዌርኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ አሁንም በአማርኛ አንተ እያልኩት ብጽፍ ማንም አይቀየመኝ። እያነከስኩ፣ ቃል ሲጠፋኝ በእጄ እያሳየሁ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሚስቴንና ልጄን፣ ወረቀቶቹን፣ ፍርድ ቤቱን። ዓይኑን ከመረቡ አላነሳም።

«ፍርድ ቤት ቆሜ ምን እንድል ነው?» አለኝ።

«ልጄ ነው እንድትል።»

«አይደለህም» አለ። እንዲያው በቀላሉ።

«እናቴ ነግራኛለች እኮ!»

«እናትህ የነገረችህን አውቃለሁ። የእኔ ልጆች አሉኝ። ያው እዚያ ናቸው። አንተ የወንድሜ ነህ። ወንድሜ ምንም የለውም፣ መቃብርም የለውም፣ አንተን ብቻ ነው ያለው። አንተንም ልውሰድበት?»

«ስሙ እኮ አይጠፋም! ስሜ ላይ ይቆያል፣ ቢሮው ነግሮኛል።»

«የእኔ ልጅ ከሆንክ ያ ስም ባዶ ነው» አለ። «ስሞት አገኘዋለሁ። ልጄን ምን አደረግከው ሲለኝ ፈረንጅ ጠየቀኝ ልበለው?»

እዚህ ላይ ፈነዳሁ። ኑዌርኛዬ ጥሎኝ ጠፋ፤ የጮኽኩት በአማርኛ ነው። ለሞተ ሰው ብለህ የቆመውን ልትቀብር ነው ወይ፣ ልጄ ያለ አባት ስታድግ ደስ ይልሃል ወይ፣ እኔስ ሰው አይደለሁም ወይ፣ ምን ያላልኩት አለ! ጎረቤቶች ወጡ። አጎቴ አንዲት ቃል አልገባውም፤ ቁጣዬ ብቻ ነው የገባው። ሽማግሌ ላይ እንዲህ መጮኼ ራሴን አስደነገጠኝና ዝም አልኩ።

ልክ ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። አውስትራሊያ መሽቷል፣ ልጄ ሳትተኛ የምታየኝ በዚህ ሰዓት ነው። ባልከፍተው ደስ ባለኝ፤ ግን ሳልከፍት ብቀር ታለቅሳለች። ከፈትኩት። ጸጉሯ ገና ከመታጠቢያ እንደወጣ እርጥብ ነው። አጎቴ መረቡን ጥሎ እጁን ዘረጋ፤ ሰጠሁት። ስልኩን ክንዱ እስከሚደርስበት አርቆ ይዞ አያት። እናቷ በኑዌርኛ ነው የምታናግራት፤ ልጄ ኑዌርኛ ላይ እኔን ታስከነዳኛለች። ፊቱን፣ ግንባሩ ላይ የተበጡትን መስመሮች፣ አንድ በአንድ ካየች በኋላ ጠየቀችው።

«አንተም ስልክ ውስጥ ነው የምትኖረው?»

እሷም መልስ ሳትጠብቅ አሻንጉሊቷን ታሳየው ጀመር። ስልኩን መለሰልኝና መረቡን አነሳ። ስሰናበተውም ቀና አላለም። በመንገዱ ሁሉ ነገሩ እንዳለቀለት እያሰብኩ፣ ለሚስቴ ምን እንደምላት ሳሰላስል ኒውላንድ ደረስኩ።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጠዋት የግቢያችን በር ተንኳኳ። አጎቴ ነው። ከመጠለያው የሚያስወጣውን የፈቃድ ወረቀት በእጁ ይዟል፣ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሷል፣ ዱላው አለች። ለእኔ ሳይሆን ለእናቴ ነው የተናገረው።

«ለወንድሜ አንድ ጊዜ ልጅ ሰጠሁት» አላት። «አሁን የልጅ ልጁ አባት አጥታለች። አባት ስልክ ውስጥ የሚኖር ነው የሚመስላት። ሁለቱንም መስጠት አልችልም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ያ ቤት የት ነው?» አለኝ።

እናቴ ነጠላዋን ልትለብስ ገባች። እኔ ደስታ ይሁን ድንጋጤ ሳልለይ፣ የመዝጊያውን ቁልፍ እንኳ መቆለፍ አቅቶኝ እሷ ቆለፈችው።

ማመልከቻውን፣ ወደ ጀዊ ከመሄዴ በፊት ይቅርታ ስጠይቀው፣ ጓደኛዬ ጽፎልኝ ስለነበር ብዙ አልተጉላላንም። ችሎቱ ተጨናንቋል። ተራችን ሲደርስ ዳኛዋ አስተርጓሚ አስጠሩ፤ እኔ ባለጉዳይ ስለሆንኩ ለአጎቴ ማስተርጎም አልችልም። እናቴ መሰከረች። ከዚያ ዳኛዋ ወደ አጎቴ ዞሩ።

«እዚህ የቆመው ሰው ልጄ ነው ይላሉ?»

አስተርጓሚው ተረጎመለት። አጎቴ ዝም አለ። ዳኛዋ ጥያቄው ያልገባው መስሏቸው በድጋሚ አስጠየቁት። ዱላውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው አዞረ።

«ልጄ ነው» አለ።

ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ። ሚስት አለኝ፣ ልጅ አለኝ፣ የማስተምራቸው ተማሪዎች ያከብሩኛል። በወንድ ድምፅ «ልጄ» ተብዬ ግን አላውቅም ነበር። እንደሚጎድለኝም አላውቅም ነበር። የቆምኩበትን መደገፊያ ጨበጥኩ። ኧረ የሰው ልጅ ስንት ነገር ሳያውቅ ይኖራል!

ከድንጋጤዬ ሳልወጣ ዳኛዋ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ? አዋቂ ሰው ስለሆንክ ያላንተ ፈቃድ አይጸናም። አባቴ ናቸው ብለህ ትቀበላለህ?»

ይህን አላሰብኩትም። ሸክሙ የእሱ ብቻ መስሎኝ ነበር። ስለምነው፣ ስቆጣ፣ ስጮህበት የከረምኩት እሱ አንዲት ቃል ይናገርልኝ ብዬ ነው፤ እኔም የምናገረው ይኖራል ብሎ የነገረኝ የለም። አስከሬኑ ያልተገኘው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ፎቶ እንኳ የለውም። ልጅ ሆኜ ባሮ ዳር ስንሄድ እናቴ ውሃውን በጣቷ አሳይታ «አባትህ እዚያ ነው» ትለኝ ነበር፤ እኔም እጄን አውለበልብለት ነበር። እናቴን አየኋት፤ ወለሉን ታያለች።

«እቀበላለሁ» አልኩ።

የሚከራከር ወገን ስለሌለ ውሳኔው እዚያው ተሰጠን። ስንት ዓመት ሲንከባለል የኖረ ነገር በአንድ ጠዋት አለቀ። ወረቀቱን አጥፌ የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኩና ሮጬ አጎቴን ደረጃው ላይ ደረስኩበት። ሞኙ እኔ፣ ደስ የሚለው መስሎኝ «ባባ» አልኩት።

እንደዚያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። ዱላውን መሬት ላይ መታ። «እሱ ነገር ለፈረንጆቹ ነው! ከዚህ በር ወዲህ እንዳልሰማህ!» ብሎኝ ፊት ፊቴን ሄደ።

ወደ ጀዊ የሚመለስ መስሎኝ ነበር። እኛ ቤት ሄደ። ማንጎው ሥር ጫማውን አወለቀ፣ ኮቱን አወለቀ፣ ወንበር ሳቀርብለት ትቶት መሬት ላይ ቁጭ አለ። በበራችን የምታልፈው ደገኛ ጎረቤታችን ሁኔታውን አይታ ገባች። «ምነው? ምን ሆናችሁ?» አለች። አጎቴ በኑዌርኛ መለሰላት፤ እናቴ ወደ አማርኛ መለሰችው።

«ወንድሜ ሞተ ነው የሚለው።»

«ውይ በሞትኩት! መቼ?»

እናቴ ጠየቀችው። «ዛሬ ጠዋት» አለ።

ሴትዮዋ ደረቷን እየመታች ወጣች። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው? እኩለ ቀን ሳይደርስ የዕድሩ ወንበር መጣ፣ ድንኳኑ መጣ። የእናቴ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች እየዘመሩ ገቡ። ከጀዊ የአጎቴ ልጆች፣ ማለት፣ እንግዲህ ምን እንደምላቸው እንጃ፣ እነሱም መጡ። ነጠላ ያዘቀዘቁ ደገኞች በየወንበሩ ተቀመጡ። እኔ ራሴን ይዤ ቆሜያለሁ። እናቴን ማድቤት በር ላይ አገኘኋት፤ ጥቁር ለብሳለች።

«እማ፣ ሰው እያታለልን እኮ ነው! ንገሪያቸው!»

«ምን ብዬ?» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «ያን ጊዜ ውሃው አልመልስም አለን፤ እየጠበቅን ሳለ አንተ መጣህ። አንተ ስትመጣ ለቅሶውን ተውነው። ማን አለቀሰለት? እስኪ ማን?»

ተመልሼ አጎቴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አልከለከለኝም።

ጓደኛዬ ሱቁን ዘግቶ፣ ካርቶን ውሃ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ውሃውን አስቀምጦ አጠገቤ ተንበረከከና ጆሮዬ ሥር «ማን ነው የሞተው? ሰው ሁሉ የአጎትህ ወንድም ነው ይላል» አለኝ።

«አባቴ» አልኩት።

ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ያነበባቸው እሱ ነው፤ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ፊቴን አየ፣ ኪሴን አየ፣ ከዚያ አጎቴን አየ። መዳፎቹን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። ሲነሳ «ትርጉሙን ነገ እጨርስልሃለሁ፤ ማኅተሙን እመታዋለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ወደ ከሰዓት የዕድሩ ሊቀመንበር ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ገቡ። ከአጎቴ ፊት ቆመው ጎንበስ አሉና እጁን ይዘው «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉት። ቀና ብለው ድንኳኑን ቃኙ።

«ሟች ልጅ አላቸው?» ብለው ጠየቁ።

እናቴ ጥያቄውን ለአጎቴ ተረጎመችለት። አጎቴ ያን ጠዋት ዳኛ ፊት ከእጅ ወደ እጅ ያዘዋወራትን፣ ልጅ ሆኜ ቁመቴን የሚለካባትን ዱላ ከመሬት አነሳ። ወደ እኔ ቀሰራት። የተናገረውን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

«ልጁ እሱ ነው» አለ።

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ተነስቼ እጃቸውን ጨበጥኩ።